የሟች ድርሻ

ኤርሲሊያን «እንደምን አደርሽ» ያላት ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው መልስ ዓይኗን ነው። ከላይ እስከ ታች ታየዋለች፤ ምን ፈልጎ እንደመጣ የገባት ሲመስላት ነው «እግዚአብሔር ይመስገን» የምትለው። በሮካላታ ከተማ ወደ ወፍጮ ቤት ስትገባ ወፍጮኛው ሳትናገረው እጁን ከሚዛኑ ላይ ያነሳል። እንቁላል ስትገዛ፣ ሻጯ የገዛ አክስቷ ብትሆንም፣ አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ እያነሳች ታያለች። ባሏ ፖምፔዮ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሞተ ጊዜ ሐኪሙ «አርፏል» ሲላት «ሌላ ሐኪም ይየው» አለች እየተባለ እስከ ዛሬ ይሳቅባታል። እሷ አትስቅም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ነገር የኢጣሊያዋ የኡምብሪያ አውራጃ ገበሬም በራሱ ቋንቋ ይለዋል፤ እንደ ኤርሲሊያ የኖረበት ግን የለም።

ሥራዋም ይህን ጠባይዋን የሚያደልብ ነበር። የሳንታ ሉቺላ ገዳም የውጭ አገልጋይ ናት። መነኮሳይያቱ ከበር አይወጡም፣ ሰውም አይገባባቸውም፤ ዱቄቱን፣ ዘይቱን፣ ክሩን፣ መድኃኒቱን የምታመላልስላቸው እሷ ናት። ዕቃውን የምታስረክበው በግድግዳው ውስጥ በተተከለ የእንጨት መዘውር ነው፤ በርሜል ያህላል፣ አንድ ጎኑ ክፍት ነው። ዱቄቱን ታስቀምጣለች፣ ትገፋዋለች፣ ይዞራል፤ ከወዲያ በኩል እጅ ይቀበለውና ባዶው ይመለሳል። ፊት የሚባል ነገር የለም። ዘመድ ሲጠይቃቸውም በእንግዳ ክፍሉ የብረት ፍርግርግ በኩል ነው፤ ከፍርግርጉ ጀርባ ደግሞ ጥቁር መጋረጃ ተጋርዷል። ቆቡን ከደፉ በኋላ የሳንታ ሉቺላን ሴቶች ፊት ያየ ሰው በከተማው ውስጥ አልነበረም።

ኤርሲሊያ ግን በጆሮዋ ታውቃቸዋለች። መዘውሩ ላይ የሚቆሙት እማሆይ ቤርታ ሲተነፍሱ ያፏጫሉ። እማሆይ አውሬሊያ ደረቅ ሳል አለባቸው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር አጠገብ ተቀምጦ ወሬውን ማዳመጥ የእሳቸው ሥራ ስለሆነ ሳላቸውን የማያውቅ የለም። ጁስቲናና ሪታ የሚባሉት ሁለቱ አሮጊቶች መቁጠሪያቸውን እያንቀጫቀጩ ነው የሚሄዱት። አምስተኛዋ የኤርሲሊያ የገዛ እህት ናት፤ ልጅ ሆና ከበለስ ዛፍ ወድቃ ግራ እግሯ ይጎተታል። ስድስተኛዋ እመ ምኔት ኮስታንዛ ናቸው። የእሳቸው ኮቴ ተሰምቶ አይታወቅም፤ እንግዳ ከመግባቱ በፊት ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ድምፃቸው ግን ቀዝቃዛና ዝግ ያለ፣ የድሮ ጌቶች ልጅ መሆናቸውን በየቃሉ የሚያስታውስ ድምፅ ነበር።

ስድስት መሆናቸው እንዲያው የሆነ ነገር አልነበረም። ድሮ ገዳሙ ሙሉ ነበር። ጌቶች ሴት ልጅ ሲበዛባቸው ለአንዷ ባል ይፈልጉላትና የተረፉትን ወደ ሳንታ ሉቺላ ይሰዱ ነበር፤ ወደው የገቡም ነበሩ፣ አልቅሰው የገቡም ነበሩ፣ ሁሉም ግን እዚያው ተቀብረዋል። አንዴ የፈረንሳይ ወታደሮች መጥተው ደወሉን አወረዱና ለመድፍ ወሰዱት፣ ሴቶቹንም በተኑ። ወታደሮቹ ሲሄዱ ሦስት አሮጊቶች ተመልሰው መጡ፤ ጣሪያው ያፈስ ስለነበር በጃንጥላ ሥር እየዘመሩ እንደገና ጀመሩት፣ ኋላም ትንሽ ደወል ሰቀሉ ይባላል። ከዚያ በኋላ ደግሞ አዲሱ የኢጣሊያ መንግሥት መጣ። እርሻውንና ወይኑን ወረሰ፣ አዲስ ሴት እንዳትገባ ከለከለ። ያሉት እስኪያልቁ ይቀመጡ፣ ከስድስት ያነሱ ቀን ግን ወደ ሌላ ከተማ ተወስደው ከማያውቋቸው ሴቶች ጋር ይደረቡ ተባለ። የሮካላታ ከንቲባ ቤቱን ለወታደር ሰፈር ካሰበው ቆይቷል። ስለ መነኮሳይያቱ ጤንነት እንደ እሱ አዘውትሮ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

የኤርሲሊያ እህት በዓለም ስሟ ዜሊንዳ ነበር። ገዳም ገብታ ፕላቺዳ ተባለች። በላቲን ከሚያዜሙት ወገን አልነበረችም፤ የከሰል አክሳይ ልጅ ከዚያ አይደርስም ነበር። ወጥ ቤትና አትክልት ቦታ ነበር ሥራዋ። ኤርሲሊያ በዚህ ዓለም ሳትጠረጥራት የምታምናት አንዲት ሰው ብትኖር እሷ ነበረች። በየበዓሉ በፍርግርጉ በኩል ያወሩ ነበር፤ ስለ ሽንኩርት፣ ስለ ወፍጮኛው ሌብነት፣ ስለ ጎረቤት ልጆች። እማሆይ አውሬሊያ እያሳሉ ያዳምጣሉ። ልማዱ ነውና በበዓል ቀን እመ ምኔቷም ከጎን ይቀመጣሉ፣ ዝም ብለው።

ኤርሲሊያ እመ ምኔቷን እስከ አጥንቷ ትጠላቸዋለች። ምክንያት አላት። እናታቸው በሞት አፋፍ ላይ ሳለች «ዜሊንዳን አምጡልኝ» እያለች ሦስት ቀን በር በሩን አየች። ኤርሲሊያ ሮጣ ፍርግርጉን ይዛ ለመነች። ያ ቀዝቃዛ ድምፅ «ሕጉ አይፈቅድም» አለና ከወንበሩ ተነሣ። እናትየው በር በሩን እያየች ሞተች። ከዚያ ወዲህ ኤርሲሊያ በቤቷም በገበያም እመ ምኔት ብላ አታውቅም፤ «እባቧ» ነው የምትለው፤ በየበዓሉም በፍርግርጉ ፊት በአግቦ ትሸነቁጣቸዋለች።

ወይን ለቀማው ባለቀ ሰሞን አንድ ቀን ቀትር ላይ መዘውሩ ሲዞር ባዶውን አልተመለሰም። ሳህን ሙሉ የባቄላ ሾርባ፣ ቁራሽ ዳቦ፣ በትንሽ ማሰሮ ወይን ጠጅ ነበረበት።

«ይሄ የማን ነው እማሆይ?»

«ተርፎ ነው። ለድኻ ስጪው።»

«ተርፎ?»

«ተርፎ ነው አልኩሽ።» እማሆይ ቤርታ አፏጩ።

«እናንተ ቤት ነው ምግብ የሚተርፈው? የሽንኩርት ቅርፊት ቀቅላችሁ የምትጠጡት ሴቶች?»

«ኤርሲሊያ፣ ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው።»

ሳህኑን ይዛ ወጣች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። በሳንታ ሉቺላ አንዲት መነኩሲት ስትሞት ቦታዋ ወዲያው አይነሣም። ሠላሳ ቀን ሙሉ በገበታው ላይ በተለመደው ስፍራዋ ድርሻዋ ይቀርባል፣ አጠገቡ የእንጨት መስቀል ይቆማል፤ ሌሎቹ በልተው ሲነሡ ያልተነካው ሳህን ለድኻ ይወጣል፣ ድኻውም በልቶ ለነፍሷ ይጸልያል። አሮጊቷ እማሆይ ኢሉሚናታ ያረፉ ጊዜ ሳህኑን በየቀኑ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ለሚቀመጠው ለዕውሩ ሴራፊኖ ትወስድ የነበረች ራሷ ኤርሲሊያ ናት። ያኔ ግን ደወል ተደውሎ ነበር። አሁን አልተደወለም።

በማግሥቱም ሳህን መጣ። በሦስተኛውም ቀን። ኤርሲሊያ ነገሩን ጨርሳ ተረዳችው። አንዷ ሞታለች፤ አምስት ቀርተዋል፤ ማዘጋጃ ቤቱ እንዳይሰማ ደወሉን ደብቀዋል። ሳህኑን መደበቅ ግን አልሆነላቸውም። መንግሥትን ለመዋሸት ወኔ ያላቸው ሴቶች ሟቿን ምሳዋን ለመከልከል ወኔ አጡ። ኤርሲሊያ በዚህ ልትስቅ ምንም አልቀራትም ነበር፣ ሟቿ ማን እንደሆነች ብታውቅ።

ትጠረጥር ጀመር፤ ሥራዋ ነውና። እማሆይ ቤርታ በየቀኑ ያፏጫሉ፣ አሉ። በቅዳሴ ላይ ከመጋረጃው ጀርባ የእማሆይ አውሬሊያ ሳል ይሰማል፣ አሉ። ሁለቱ አሮጊቶች መቁጠሪያቸው ይንቀጫቀጫል፣ አሉ። የቀሩት እህቷና እባቧ ናቸው። የሚጎተት እግር ለመስማት መዘውሩ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ቆማ አንድ ጊዜ እማሆይ ቤርታ ገፍተውት አፍንጫዋን መታት።

የቅዱሳን ሁሉ በዓል ደረሰና ኤርሲሊያ ማለዳ ተነሥታ ከሰው ሁሉ ቀድማ እንግዳ ክፍሉ ገባች።

«እህቴን ጥሩልኝ» አለች ለመጋረጃው።

«እማሆይ ፕላቺዳ የዝምታ ሱባኤ ይዛለች።» የእመ ምኔቷ ድምፅ ነበር፣ ቀዝቃዛና ዝግ ያለ። «እስከ ልደት አታነጋግርም።»

«የወጥ ቤት ሠራተኛ ምን ሱባኤ አላት? ሽንኩርቱን በጥቅሻ ነው የምትጠራው?»

«ለእግዚአብሔር ዝም ለማለት ላቲን ማወቅ አያስፈልግም።»

«አሟታል?»

«ደህና ናት።»

«ደህና ከሆነች ከመጋረጃው ጀርባ መጥታ አንድ ጊዜ ታስል። ሳሏን ሰምቼ እሄዳለሁ።»

ከዚያ ሳል ተሰማ።

«የእርስዎን አላልኩም፣ እማሆይ አውሬሊያ።»

«ኤርሲሊያ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ» አለ ድምፁ። «እመኚኝ።»

ይህቺ «እመኚኝ» የምትል ቃል ናት ነገሩን ያበላሸችው። ኤርሲሊያ ብረቱን በሁለት እጇ ያዘች፣ አክብሮቱንም ጣለችው።

«አንቺን ልመን? እናቴን በር በሩን እያስመለከትሽ የገደልሽ አንቺ አይደለሽም? እህቴንም ገደልሻት፣ ድመት እንደሞተበት ሰው በጓሮ ጣልሻት። አንቺ እባብ። ያለ ደወል ቀብረሻት ከሆነ አንቺንም ያለ ደወል ይቅበሩሽ።»

ወንበር ሲንቋቋ ብቻ ተሰማ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ኤርሲሊያ ጥርጣሬ አልቀራትም። ሳህኑንም ለሴራፊኖ አልሰጠችውም፤ ዕውሩ ሳህኑን በእጁ ሲዳብስ ነገሩ ይገባዋል፣ ከእሱ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ከንቲባው ይደርሳል። ቤቷ ወስዳ በሯን ዘግታ ራሷ በላችው። በየቀኑ በእንባዋ ጨው እያደረገችበት የዜሊንዳን ድርሻ በላች፣ በልታም ተንበርክካ ለዜሊንዳ ነፍስ ጸለየች። ልብሷ ሰፋት። በገበያ «ኤርሲሊያ ምን ነካት?» ይባል ጀመር፤ ወፍጮኛው እንኳ እጁን ሚዛኑ ላይ ረስቶት እያየች ዝም አለችው።

አንድ ቀን ምስር ስትመርጥ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ሲኞር ቤሉቺ አጠገቧ መጥቶ ቆመ። ልጅ ሆኖ አፍንጫውን ጠርጋለታለች፤ አሁን የሰዓት ሰንሰለት አንጠልጥሏል።

«እትዬ ኤርሲሊያ፣ ቀትር ቀትር ላይ ከገዳሙ ሳህን ይዘሽ ትወጫለሽ አሉ።»

«አንተ ደግሞ ከምሳህ ሰዓት ላይ ቀንሰህ የእኔን ሳህን ትጠብቃለህ?»

«አያቴ ከዚያ ደጃፍ እየበላች ነው ያደገችው። ልማዱን አውቀዋለሁ። ማን ሞተች?»

«ተርፎ ነው» አለች ኤርሲሊያ። የእማሆይ ቤርታን ቃል ከገዛ አፏ ስትሰማ ራሷም ደነገጠች።

ቤሉቺ ፈገግ አለ። «ሐሙስ እንግዳ ክፍሉ መጥቼ አንድ በአንድ እሰማቸዋለሁ። አንቺ ትመሰክሪያለሽ።»

«ለምን ገብተህ በዓይንህ አትቆጥራቸውም? ሕጉ ያንተ ነው።»

«ከእኔ በፊት የነበረው ጸሐፊ ሊገባ ሲል የሠፈሩ ሴቶች የሽንት ቤት ባልዲ ደፍተውበት ኮቱ እስከ ዛሬ ይሸታል። በጆሮ ይበቃኛል። በከተማው ድምፃቸውን የምታውቂ አንቺ ብቻ ነሽ፣ እንዳንቺ የማይታለል ሰው ደግሞ የለም። አንቺ ናት ካልሽ ናት።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አይደለችም ካልሽ ግን በሩ ይከፈታል። እህትሽ ያለችበትን ቦታ በዓይንሽ ታያለሽ።»

የት እንደሚያማት አውቆ ነው የነካት። እስከ ሐሙስ ድረስ ኤርሲሊያ ከራሷ ጋር ስትሟገት ሰነበተች። «አንዷ ጎድላለች» ካለች በሩ ይከፈታል፤ የዜሊንዳን መቃብር ታገኛለች፣ ቄስ ታስጠራለች፣ ደወል ታስደውላለች፣ እባቧም በጋሪ ተጭና ስትሄድ ቆማ ታያለች። ይህን ስታስብ ደስ ይላታል። ግን እማሆይ ቤርታም በዚያው ጋሪ ላይ ናቸው፤ ሕፃን ሆነው ገብተው ከበሩ ወዲህ ያለውን ዓለም የማያውቁት ሴትዮ። መቃብሩም ላይ የወታደር በቅሎ ይታሰራል። አንዱን ስታነሣ አንዱ ይወድቅባታል። በመጨረሻ ለራሷ ቆረጠች፦ የዜሊንዳን ድምፅ ካልሰማሁ እናገራለሁ፣ የመጣው ይምጣ።

ሐሙስ ቤሉቺ መዝገብ ከያዘ አንድ ሰው ጋር መጣ። ኤርሲሊያን ከፍርግርጉ ፊት አስቀመጣት። ከወዲያ ያሉት አንድ በአንድ መጥተው ስማቸውንና የተወለዱበትን ቤት እንዲናገሩ አዘዘ።

ፉጨት መጣ። «ቤርታ እባላለሁ።»

«ናቸው» አለች ኤርሲሊያ።

ሳል መጣ፤ ስም ከመናገራቸው በፊት «ናቸው» አለች። አንድ መቁጠሪያ ተንቀጫቀጨ፣ ሄደ፤ ሌላው ተንቀጫቀጨ። «ናቸው። እሳቸውም ናቸው።» እጇ ቀሚሷን ጨምድዶ ይዟል። አሁን አንድ ዝምታ ይመጣል ብላ ጠበቀች።

እግር መጣ። አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ይጎተታል።

«ፕላቺዳ እባላለሁ። በዓለም ስሜ ዜሊንዳ፣ የከሰል አክሳዩ የናዛሬኖ ልጅ።»

ኤርሲሊያ አፏን ከፍታ ቀረች። ሞታ የተቀበረች የመሰለቻት፣ ድርሻዋን የበላችላት፣ ለነፍሷ ጉልበቷ እስኪላጥ የተንበረከከችላት እህቷ ጉንፋን እንኳ ሳይዛት ስሟን ትናገራለች።

«ምን አልሽ እትዬ?»

«ናት» አለች በጭንቅ። «ናት፣ ናት። የእናቴ ልጅ ናት፤ ስንት ጊዜ ልበልህ?»

እግሩ እየተጎተተ ራቀ። ኤርሲሊያ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች አምላኳን ስታመሰግን፣ ያ ክፉ ጠባይዋ በምስጋናው መሃል ቀስ ብሎ ራሱን አነሣ። ዜሊንዳ ካለች ሳህኑ የማን ነው?

«የቀሩት እመ ምኔቷ ናቸው» አለ ቤሉቺ። «ይምጡ።»

መልሱ ዘገየ። ከዚያ ኮቴ ተሰማ። በጣም ዝግ ያለ፣ የተጠነቀቀ ኮቴ ነበር፤ ቢጠነቀቅም ግን አንዱ እግር ይረግጣል፣ አንዱ ይጎተታል።

«ኮስታንዛ እባላለሁ» አለ ያ ቀዝቃዛ ድምፅ። ቃል አልጎደለውም፣ ቃና አልጎደለውም። ዜሊንዳ ልጅ ሆና ቄሱን፣ ግብር ሰብሳቢውን፣ ጥርስ የሌላትን አክስታቸውን እያስመሰለች አባታቸውን ከከሰሉ ክምር ሥር በሳቅ ታንከባልለው ነበር። ኤርሲሊያ ይህን ረስታው ነበር። በበዓሉ ዕለት ዜሊንዳ ያልመጣችበትም ምክንያት አሁን ገባት፤ በበዓል እመ ምኔቷ ከጎን ይቀመጣሉ፣ አንድ ጉሮሮ ደግሞ በሁለት ወንበር ላይ መቀመጥ አይችልም። ያን ሁሉ ስድብ የሰደበችው የገዛ እህቷን ፊት ለፊት ነው፣ ጥላቻ ጆሮዋን ደፍኖት።

«እመ ምኔቷም ያነክሳሉ እንዴ?» አለ ቤሉቺ ድንገት።

«ሰማንያ ሊሞላቸው ነው» አለች ኤርሲሊያ ሳታመነታ። «አንተ በዚያ ዕድሜ መጎተት ከቻልክ ስለት አስገባ።»

ቤሉቺ ግን የዋዛ አልነበረም። ከመጋረጃው ወደ ኤርሲሊያ፣ ከኤርሲሊያ ወደ መጋረጃው አየ። «እንግዲያው እሳቸው ብቻ የሚያውቁትን አንድ ነገር ጠይቂያቸው። ሲመልሱ እኔም እሰማለሁ።»

ኤርሲሊያ እህቷ የምትመልሰው ቀላል ነገር መጠየቅ ትችል ነበር፤ የዘይቱን ዋጋ፣ የዶሮዎቹን ነገር። አፏን ስትከፍት የወጣው ግን ስንት ዓመት ሆዷ ውስጥ የተቀመጠው ነበር።

«እናቴ የሞተች ጊዜ እህቴን ለምን ከለከሉብኝ?»

ቤሉቺ የሰዓት ሰንሰለቱን ማሻሸት ጀመረ።

«አልከለከልኳትም» አለ ድምፁ።

ኤርሲሊያ ራሷን ቀና አደረገች።

«ከጳጳሱ ፈቃድ አስመጥቼላት ነበር። በሩ ተከፍቶላት ነበር። እህትሽ ደፉ ላይ ቆማ መንገዱን አየችው፤ ከዚያ ተመለሰች። ከወጣሁ እግሬ ወደዚህ አይመለስም አለች፤ እናቴንም ስትሞት ማየት አልችልም አለች። እግሬ ላይ ወድቃ፣ ኤርሲሊያ ይህን ካወቀች ዳግመኛ አታየኝም፣ እርስዎ ከለከሉኝ ይበሉልኝ ብላ ለመነችኝ። እሺ አልኳት። ከዚያ ወዲህ በመጣሽ ቁጥር ስድብሽን ሰማሁ። መልሼልሽ አላውቅም። እህትሽም አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማ ነበር፣ አንድም ቀን እውነቱን አልተናገረችም። ትናገራለች ብዬ ስጠብቃት—» እዚህ ላይ የጌቶች ልጅ ድምፅ ተሰነጠቀና የከሰል አክሳይ ልጅ ትንፋሽ ወጣ። እማሆይ አውሬሊያ ቶሎ ብለው በኃይል አሳሉ።

ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም ስንጥር አለ ይባላል። ኤርሲሊያ የአገሩን ገንፎ ሁሉ ስትበረብር ኖራ ስንጥሩ ሳታላምጥ ከምትውጠው ጉርሻ ውስጥ ተገኘ። ተናደደች። መጋረጃውን ቀድዳ እህቷን በጥፊ ማጮል አማራት፤ ወዲያውም አቅፌያት ባለቀስኩ ብላ ተመኘች። ከሁለቱም በላይ ግን ያ እርግማን ጆሮዋ ላይ ጮኸ፦ አንቺንም ያለ ደወል ይቅበሩሽ። እሷ ስትራገም እመ ምኔቷ ቀድሞውኑ ያለ ደወል ተቀብረው ነበር።

«እህስ?» አለ ቤሉቺ። «ራሳቸው ናቸው?»

ኤርሲሊያ በሐሰት ምላ አታውቅም። በወፍጮኛው ላይ እንኳ፣ ሌብነቱን እያወቀች፣ ዳኛ ፊት ቀርባ «በዓይኔ አላየሁም» ብላ የተመለሰች ሴት ናት።

«ራሳቸው ናቸው» አለች። «እመ ምኔት ኮስታንዛ ናቸው።»

«ትምያለሽ?»

«እምላለሁ።» መዝገብ የያዘው ሰው መስቀል አቀረበላት፤ እጇን አሳረፈችበት።

ቤሉቺ ለረጅም ጊዜ አያት። ማመኑ አይመስልም፤ ግን ኤርሲሊያ አትታለልም ብሎ ከንቲባው ፊት የተናገረው ራሱ ነበር፣ ያንን ቃል መልሶ መዋጥ ደግሞ ከባድ ነው። ስድስት ብሎ አስጻፈ፣ ኮፍያውን አነሣ፣ ወጣ።

ኤርሲሊያ ተነሥታ ብረቱ አጠገብ ቆመች። ከወዲያ ያለችውም አልሄደችም። እማሆይ አውሬሊያ እንዳሉ ናቸው፣ ሥራቸው ማዳመጥ ነው።

«እመ ምኔቷ ሲታመሙ የሚያስታምማቸው ነበር?» አለች ኤርሲሊያ በመጨረሻ።

«እኔ ነበርኩ» አለ የዜሊንዳ ድምፅ፣ በራሱ ቃና። «ለኤርሲሊያ አንድ ቀን ንገሪያት አሉኝ። ሌላ አላሉም።»

ኤርሲሊያ ወደ መዘውሩ ሄደች፤ ቀትር ሆኖ ነበርና ሳህኑ መጥቷል። ዛሬ ወደ ቤቷ አልወሰደችውም። አደባባዩን ተሻግራ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ዕውሩ ሴራፊኖ ጭን ላይ አስቀመጠችው። ሴራፊኖ በጣቶቹ ዳበሰ፤ ሾርባ፣ ዳቦ፣ ትንሽ ማሰሮ።

«ማን ሞተ እትዬ?»

«ማንም አልሞተም። ብላና ጸልይ።»

«ለማን ነፍስ?»

«ስም የላትም።»

«ስም ለሌላት እንዴት ይጸለያል? እግዚአብሔር እኮ ብዙ ሴቶች አሉት።»

ኤርሲሊያ ደረጃው ላይ አጠገቡ ተቀመጠች። «ባላደረገችው ነገር ስትሰደብ ዝም ላለች ሴት ብለህ ጸልይ።»

«ማነው የሰደባት?»

«እኔ ነኝ።»

ሴራፊኖ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ መለሰ። «እንግዲያማ መጀመር ያለብሽ አንቺ ነሽ፤ እኔ እከተላለሁ።»

ኤርሲሊያ ጀመረች። አባታችን ሆይ አለች፣ እመቤቴ ሆይ አለች፣ የሟቿ ስም ከሚጠራበት ቦታ ስትደርስ ቆመች። ጮክ ብላ ብትጠራው ቤሉቺ በማዶው የማዘጋጃ ቤት መስኮት ይሰማል። ሴራፊኖ አንገቱን ደፍቶ ጠበቃት፣ ሾርባው እየቀዘቀዘ። ኤርሲሊያ ከንፈሯን ሳታነቃንቅ በልቧ «ኮስታንዛ» አለች፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ በስማቸው።